በማዕድ ላይ የፋብሪካ ወሬ የለም

ቴክላ ዛሬ ምን ጫማ አድርጋ ትመጣ ይሆን?

ከሐሙስ ጀምሮ ይህችን አንዲት ጥያቄ ሳገላብጥ ነው የሰነበትኩት። ሌላ ሰው በኔ ቦታ ቢሆን «ትመጣለች ወይስ ትቀራለች?» ብሎ ነበር የሚጨነቀው። መምጣቷንስ ትመጣለች። የልጅ ልጄ ከተማ ውስጥ እያለች ከእሑድ ምሳ ቀርታ አታውቅም፤ አባቷን የቀበርን ሳምንት እንኳ መጥታ፣ እያለቀሰችም ቢሆን፣ ሳህኗን ጨርሳለች። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እግሯ ነው።

በኤርልባኽ ሰው ከሰው ሲገናኝ መጀመሪያ የሚያየው ጫማ ነው፤ ፊት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ወንዙ ከተማችንን ለሁለት ይከፍላታል። ከወንዙ ወዲህ ያለነው ሌመር እንጫማለን፣ ወዲያ ያሉት ደግሞ ሎሬክ። የኛ ጫማ ተረከዙ ላይ አረንጓዴ ቆዳ አለው፣ የነሱ ቀይ። ኳስ የሚጫወት፣ የሚሮጥ፣ የሚዘል ሰው ሁሉ በየአገሩ ሁለቱንም ያውቃቸዋል። ከአንድ ቤት፣ ያውም ከአንድ የምሳ ጠረጴዛ ተነሥተው እንደተለያዩ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

ቀይ አድርጋ ብትመጣስ? የሌመርማን ልጅ በኔ ደጃፍ ቀይ ተረከዝ? አታደርገውም እላለሁ። መልሼ ደግሞ፣ እኔ ከሠራሁት ሥራ በኋላ ምን ያግዳታል እላለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። አማቴ ፋይት ሌመርማን ኮርቻ ሰፊ ነበሩ። በየእርሻው ፈረሱ በትራክተር ሲተካ፣ በዚያው ወስፌና በዚያው ክር የኳስ ጫማ መስፋት ጀመሩ። ሲሞቱ አርባ ሠራተኛ ያለው ፋብሪካ ለሦስት ልጆቻቸው ተዉ፦ ለሎሬንትስ፣ ለዜባልድ፣ ሙኒክ ለተዳረችው እኅታቸውም። እኔ የባቡር ሐዲድ ጠጋኝ ልጅ ነኝ። ስምንተኛ ክፍል ስጨርስ የቶማያ ክፍል ተቀጠርኩ፤ ቶማያ የምንለው የጫማውን የላይኛውን ቆዳ ነው። ሰባት ዓመት ሰፋሁ። ከዚያ ዜባልድ አገባኝ።

ከጦርነቱ በኋላ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በቤተ ክርስቲያናችን የበዓል እሑድ፣ ሁላችንም ዝይ ልንበላ ተቀመጥን። በዚያ በጋ የኛን ጫማ ያደረገ ቡድን ዋንጫ በልቶ ነበርና ሎሬንትስ ደረቱ አልበቃው ብሏል። «ያቺ ተረከዝ ላይ የደረብኳት ቆዳ» አለ ለእንግዶቹ፣ «ያቺ ናት ዋንጫውን ያመጣችው። አንድ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው ያሰብኳት።»

እኔ ሳቅኩ። ክፋት አልነበረኝም። «ኧረ ሎሬንትስ! መጀመሪያ የቆረጣት ዜባልድ ነው እኮ። የሰፋኋት እኔ፣ እንዴት ይጠፋኛል?»

ሹካው ሳህኑ ላይ ወደቀ። «ይህች ስፌተኛ ደግሞ በኛ ነገር መቼ ነው አፍ ያወጣችው?»

ዜባልድ ብድግ አለ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አልጽፈውም። ኬኩ ሳይቆረስ ሎሬንትስ ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደ፤ በሚቀጥለው ፀደይ ከወንዙ ማዶ ሎሬክ ያለው የሱ ፋብሪካ ጭስ ማውጫ ቆመ። ሠላሳ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም። ሎሬንትስ የተቀበረ ዕለት ዜባልድ ድልድዩ መሐል ድረስ ሄዶ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል አዳመጠ። አልተሻገረም። ሲመለስ ሾርባ ሰጠሁት፤ ጨርሶ በላ።

የዚያን የዝይ ዕለት ማታ ዜባልድ ሕግ አወጣ፦ በማዕድ ላይ የፋብሪካ ወሬ የለም። ሕጉን ያወጣው እሱ ይሁን እንጂ ዘበኛዋ እኔ ሆንኩ፤ ያ ሁሉ የመጣው በኔ ምላስ አይደል? የጫማ ካርቶን የመመገቢያ ክፍሉን ደፍ አይሻገርም። ስለ ቆዳ፣ ስለ ሶል፣ ስለ ሎሬክ አይነሣም። ልጃችን ኪሊያን ትንሽ ሳለ ኳስ በሬዲዮ ሰምቶ ውጤቱን መናገር ሲያቅበጠብጠው ከወንበሩ ወርዶ ኮሪደር ይወጣና ከዚያ ሆኖ ይጮኽ ነበር፦ «ሁለት ለአንድ!» ከዚያ ተመልሶ እንደ ጨዋ ልጅ ይቀመጣል። እንስቅ ነበር። ቤታችን ሰላም ነበር። ዝምታውን ሰላም ብዬዋለሁ፣ ምን ላድርግ።

ኪሊያን አባቱን ተክቶ ገባ። በአርባ ሰባት ዓመቱ በናሙና ክፍሉ፣ የማስቲሽ ብሩሽ በእጁ እንደያዘ፣ ወለሉ ላይ ተገኘ። ልቡ ነው አሉ። እየደከመው እንደነበር አንድም ቀን አልነገረኝም፤ የሚያደክመው ፋብሪካው፣ የምንገናኘው ደግሞ ምሳ ላይ፤ መቼ ይንገረኝ?

ያኔ ቴክላ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ትምህርቷን ስትጨርስ የት ሄደች? እዚያው ክፍል፣ እዚያው አባቷ የወደቀበት ጠረጴዛ። አዲስ ጫማ መጀመሪያ በእጅ የሚሠራው እዚያ ነው። ክፍሉ ወደ ሰሜን የዞረ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ልጅቷ ፎርማውን፣ ያን ጫማ የሚወጠርበትን የእንጨት እግር፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ቀኑን ሙሉ ትሞርዳለች። ስንቴ ነገርኳት፦ ኩላሊትሽን ብርድ ይመታዋል፣ የማስቲሹ ሽታ ሳንባሽን ይበላዋል፣ ሠላሳ አንድ ሞላሽ፣ ሰው እንኳ አትተዋወቂም። «ከማን ጋር ልተዋወቅ እማማ፣ ሁሉም ቀድሞ እግሬን ነው የሚያየው» ትለኛለች። ትስቅና ትስላለች።

እንግዲህ የዘንድሮው ነገር። ፋብሪካው በወረቀት ሦስት እጅ ነው፦ አንዱ የሙኒክ ዘመዶች፣ አንዱ ሎሬንትስ ሲወጣ ዜባልድ ገዝቶ ለኪሊያን የሰጠው፣ ቴክላ ከአባቷ የወረሰችው፣ አንዱ ከዜባልድ የቀረኝ የኔ። የሙኒኮቹ እኛን ከማየት ይልቅ መሸጥ ይሻለናል አሉ። ገዥ ባለሀብቶች ተገኙ፤ ነገር ግን የኔ ድርሻ ካልተጨመረ የነሱን ብቻ አንፈልግም አሉ። ብሬዶ የሚባል ሰው ላኩብኝ። ጨዋ ሰው ነው፤ አበባ ይዞ መጣ፣ ደጃፌ ላይ ጫማውን ሦስቴ ጠረገ።

«ስሙ ሌመር እንደሆነ ይቀራል፣ ወይዘሮ ሌመርማን። አረንጓዴዋም ትቀራለች።»

«ልጅቷስ?» አልኩት።

«ወጣት ናት። ነፃ ትሆናለች።»

ሌላ ብዙ ተናግሯል። እኔ የሰማሁት ይህችን ነው። ከዚያ ወለል ትነሣለች፣ ሳሉ ይተዋታል፣ እንደ ሰው ትኖራለች ብዬ አሰብኩ። ፋብሪካው ወንድማማቾችን ለያየ፣ ልጄን በላ። ይህችን አልሰጠውም አልኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ቴክላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ብብቷ ሥር ይዛ መጣች።

«እማማ፣ ዛሬ አንድ ነገር ላሳይሽ ነው።»

«ሻርፕሽን አታውልቂ ቆይ። ያ ሳል አሁንም አለ?»

«ሳሉን ተይው። ይሄ…»

«ምንድን ነው እሱ? ጫማ ነው አይደል? ከዚህ አውጪልኝ!»

«አንዴ ብቻ እይው፣ ከዚያ…»

«ቴክላ! በማዕድ ላይ የፋብሪካ ወሬ የለም።»

ሳቀች። «አያቴ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት ሆነው። ማን ይከሰናል?»

«እኔ እከስሻለሁ። ብይ፣ ጎመኑ ቀዘቀዘ።»

ዕቃውን ኮሪደር ወስዳ የኮት መስቀያው መደርደሪያ ላይ አኖረችው። ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ክንዴን ያዘችኝ። «ነገ ለሥራ ፖርቱጋል መሄዴ ነው፣ ሁለት ሳምንት። እስከዚያ ክፈቺው። እሺ? ቃል ግቢልኝ።»

«እሺ። ኮትሽን እስከ ላይ ቆልፊ።»

አልከፈትኩትም። ለምን? ፈራሁ። በእጇ የሠራችውን ካየሁ ልቤ እንደሚራራ አውቃለሁ። ከራራሁ አልፈርምም፣ ካልፈረምኩ እዚያ ወለል ላይ ልትቀር ነው። በኮሪደሩ ባለፍኩ ቁጥር ከመደርደሪያው ላይ ያየኛል። አንድ ቀን የክረምት ባርኔጣዬን ላዩ ላይ አኖርኩበት።

ደግሞ በስልክም ደውላ ነበር፣ አልዋሽም። «ከፈትሽው?» አለችኝ። «ስትመጪ እናወራለን» አልኳት። እኛ ቤት ስንገናኝ መች አውርተን እናውቃለን?

ሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ውል አዋዋዩ ዘንድ ሄድኩ። በሕጋችን ውሉን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጮክ ብሎ ማንበብ ግዴታው ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ጸሎት እያንበለበለ አነበበው። «የናሙና ክፍሉ ይዛወራል» የሚል ሲያልፍ ሰማሁ። እሰይ፣ ወደ ሞቃት ክፍል ሊወስዱላት ነው ብዬ ደስ አለኝ። አልጠየቅኩም። ብዕሩን ሰጠኝ፣ ፈረምኩ።

ሐሙስ ዕለት በጋዜጣ ወጣ። ዳቦ ቤት ሄድኩ፤ ባቤት ባንኮኒው ላይ ነበረች። በቶማያ ክፍል ከኔ ጎን ስትሰፋ የነበረች ናት፤ አሁን የልጇን ዳቦ ቤት ታግዛለች። እናቷ በነበሩበት ዘመን አረንጓዴ ላደረገ የዛሬ ዳቦ፣ ቀይ ላደረገ የትናንት ነበር የሚሸጡት።

«ኩኒ! ጠጋ በይ፣ ጫማሽን ልየው» አለችኝ ገና ስገባ። ባንኮኒው ላይ ተንጠለጠለች። «አሁንም አረንጓዴ? እኔ እኮ ዛሬ በባዶ እግሯ ትመጣለች ብዬ ነበር።»

«ቀልድሽን ተይና ዳቦ ስጪኝ።»

«የዛሬውን ነው የትናንቱን? አሁን የቱ እንደሚገባሽ አላውቅም።» ሌላ ሸማች ስለነበረ መጀመሪያ ለሱ ሸጠች። ሰውየው ሲወጣ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለልጅቷ ነገርሻት?»

«እሑድ ስትመጣ እነግራታለሁ።»

«እና ስፌት ክፍል ያለችው የኛ ሊዜል ፊርማዋ ምን ሊሆን ነው?»

«የምን ፊርማ?»

አየችኝ። ጫማዬን አይደለም፣ ፊቴን። «ወይኔ ኩኒ። የአርባ ሁለቱ ነዋ! የስፌት ክፍሉ በሙሉ ፈርሞ የለ? ቴክላ ባንኩን አሳምና፣ ሠራተኛውም ካለው አዋጥቶ፣ የሙኒኮቹን ድርሻ ሊገዙ አልነበር? ያንቺ ሲሶ ከሠራተኞቹ ጋር እስከቆመ ድረስ ይሆናል ተብለው። ወረቀቱን ለእማማ ሰጥቻታለሁ ብላለች። ስትጠብቅሽ ነው የከረመችው።»

«ምንም አልሰጠችኝም» አልኩ። እንዲህ ስል ባርኔጣዬ ትዝ አለኝ።

ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ትቼ ወጣሁ። ባቤት ከኋላዬ ስትጠራኝ ይሰማኛል። ቤት ደርሼ ኮቴን ሳላወልቅ ዕቃውን አወረድኩ። ክሩን መፍታት አቅቶኝ በጥርሴ በጠስኩት።

ጫማ ነው። የኔ ልክ። ባለፈው ገና እግሬን ካርቶን ላይ አስቁማ በእርሳስ ዞራው ነበር፤ ካልሲ ልትሠራልኝ መስሎኝ «ሱፉ ወፈር ያለ ይሁን» ብያት ነበር። የቀኝ አውራ ጣቴ ሥር ያበጠችው አጥንት እንዳትነካ ቆዳውን እዚያ ጋ አስፍታዋለች። ተረከዙ ላይ አረንጓዴዋ አለች፤ በማሽን አልተሰፋችም። እኔና ዜባልድ ያኔ እንዳደረግነው በእጅ፣ በድርብ ክር። ማን አሳያት? ምናልባት ባቤት።

በግራው ጫማ ውስጥ የታጠፈ ወረቀት ነበር። አርባ ሁለት ስም፣ አርባ ሁለት ፊርማ። ከሁሉም በላይ «ኩኒጉንዴ ሌመርማን» የሚል፣ ጎኑ ባዶ። ከታች በራሷ ጽሕፈት፦ «እማማ፣ እምቢ ካልሽ ጮክ ብለሽ እምቢ በዪኝ፣ እችለዋለሁ። ዝም እንዳትይኝ ብቻ።»

አቶ ብሬዶ ዘንድ ደወልኩ። በጣም በትሕትና ነው የመለሰልኝ። «ወይዘሮ ሌመርማን፣ ያለቀ ነገር ነው እኮ።» የናሙና ክፍሉ ወዴት እንደሚዛወር ጠየቅኩት። ጫማው ወደሚሠራበት፣ ባሕር ማዶ፣ ከጥር ጀምሮ አለኝ። «ልጅቷ ከፈለገች እዚያ ቦታ አላት፤ እኛ ማንንም አናባርርም።» ስልኩን ዘጋሁ፣ መልሼ አነሣሁ፣ የቴክላን ቁጥር እስከ ግማሽ ደወልኩ። ምን እላታለሁ? ዘጋሁት። ወሬው ከፋብሪካው እንደሚደርሳት አውቃለሁ፤ እሷም ግን አልደወለች። ዓርብም አልደወለች። ቅዳሜም።

ይኸው እሑድ ደረሰ። የአሳማውን ትከሻ ገና በጧቱ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት፤ ቆዳው እንዲንኮሻኮሽላት ትወዳለች። የድንቹን ድብልብል ሠራሁ፣ አንዱ ፈረሰብኝ። ከዚያ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ የሠራችልኝን ጫማ አደረግኩ። የፋብሪካ ጫማ አድርጌ መመገቢያ ክፍሌ ስገባ የመጀመሪያዬ ነው። አጥንቴን አልነካኝም። ምንም አልነካኝም፣ እግሬን ያቀፈኝ ያህል ነበር።

ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ደወሉ ጮኸ። በሩን ከፈትኩ። ዓይኔን ማንሣት አልቻልኩም፣ ወደ ታች አየሁ።

ጥቁር። ተራ፣ ባለ ማሰሪያ፣ ጥቁር የከተማ ጫማ። አረንጓዴ የለው ቀይ የለው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርገው በባቡር መጥቶ በባቡር የሚሄድ ሰው ነው፦ ግብር መርማሪ፣ መድኃኒት አሻሻጭ። ለቀይ ተዘጋጅቼ ነበር። ቀይ ብታደርግ ተቆጣች ማለት ነው፤ የተቆጣ ሰው ይመለሳል። ለዚህ ግን አልተዘጋጀሁም።

እሷም ወደ ታች አየች። የኔን እግር። ብዙ ቆየች። ከዚያ ኮቷን ሰቀለች፣ ጫማዋን አውልቃ እንደ ሁልጊዜዋ የቤቷን ነጠላ ጫማ አደረገች፣ ገብታ ቦታዋ ላይ ተቀመጠች። ከስታለች። ሥጋውን ቆረስኩላት፣ መረቁን ጨመርኩላት።

«ሳሉ ቀነሰ?» አልኳት።

«ቀንሷል።»

«ፖርቱጋል ሙቀት ነበር?»

«ነበር።»

ሹካዬን አስቀመጥኩ። «ቴክላ፣ ስለ ፋብሪካው…»

ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ግን አላለቀሰችም። «በማዕድ ላይ የፋብሪካ ወሬ የለም፣ እማማ።»

ልታሾፍብኝ አይደለም። ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ ልጅ ሆና ክርኗን ከጠረጴዛ አንሺ ስላት እንደምትታዘዘው ሆና። መጮኽ ብትጮኽብኝ ምናለ! ሳህን ብትሰብርብኝ!

ተነሣሁ። ወንበሬን ገፋሁና ኮሪደር ወጣሁ። አባቷ የኳሱን ውጤት ይጮኽበት የነበረ ቦታ፣ ኮት መስቀያው ሥር ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ፣ ግድግዳ ግድግዳውን እያየሁ፣ ጮክ ብዬ ተናገርኩ።

«ፈረምኩ! ሳልከፍተው ነው የፈረምኩት። አንቺን እንደ አባትሽ እንዳይበላብኝ ፈርቼ ነው። ወረቀቱን ሐሙስ ነው ያነበብኩት። ባየው አልፈርምም ነበር። ትሰሚያለሽ? አልፈርምም ነበር!»

ከመመገቢያ ክፍሉ የቢላና የሹካ ድምፅ ብቻ ነው የሚመጣው። ቀስ እያለች ትበላለች። ጨረሰች። ውኃ ሲወርድ ሰማሁ፣ ሳህኗን እያጠበች ነው። ሳህኑን መደርደሪያው ላይ ስታኖረው ሰማሁ።

ወደ ኮሪደሩ መጣች። ፊቴ ቆማ ጎንበስ አለች፣ ተንበረከከች። ልታቅፈኝ ነው ብዬ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን በአውራ ጣቷ የቀኝ ጫማዬን አፍንጫ ጫን አደረገች፣ ጣቴ የት ድረስ እንደደረሰ ልታይ፤ ከዚያ የግራውን። ጫማ ሠሪ ለማንም እንደሚያደርገው። ልክ ነው አላለችም፣ ጠበበሽ ወይ አላለችም።

ብድግ አለች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ጥቁሩን አጠለቀች፣ ማሰሪያውን ድርብ አድርጋ ቋጠረች። ኮቷን ለበሰች። ሳልነግራት እስከ አንገቷ ድረስ ቆለፈችው። በሩን ከፈተች፣ ወጣች፣ ከኋላዋ በቀስታ ዘጋችው።